ምስማር ነው የጫራት

«ያዢው! አንገቱን ያዢው መሲ!» አለች ሔዋን መዶሻውን ጥላ እየተነሣች።

መሲ ግን የያዘችው ጭራውን ነበር። እህትማማቾቹ ሦስት ቅዳሜ የለፉበት የውሻ ቤት ዛሬ ገና ጣራው ተመትቶ አልቋል። ባለቤቱ ዳማ ግን አልገባም ብሎ አራት እግሩን መሬት ላይ ተክሏል። ሔዋን ግድግዳውን የሠራችው አባቷ ካመጣው የባሕር ዛፍ ጣውላ ቁርጥራጭ ነው። ጣራው አሮጌ ቆርቆሮ ሲሆን የበሩ ማጠፊያ ደግሞ ካረጀ የጎማ ጫማ ተቆርጦ የወጣ ነው። ምስማሩን እንኳ ከአሮጌ ሳንቃ ላይ እየነቀለች፣ የተጣመመውን በድንጋይ እያቃናች ነበር የተጠቀመችበት።

«ግባ እንጂ አንተ ሞኝ! ላንተ እኮ ነው!» አለች መሲ ጭራውን እየሳበች።

ዳማ ዞር ብሎ የእጇ አንጓ ላይ ነከሳት። ከመንከሱ በፊት አልጮኸም፣ አላጉረመረመም። ነክሶ ለቀቃትና ቀስ ብሎ ሄዶ ከእንጨት ክምሩ ጀርባ ተኛ።

መሲ መጀመሪያ አላለቀሰችም። የሰባት ዓመት ልጅ ናት፤ ዳማ ከመጣ ጀምሮ በጀርባው ላይ ስትንከባለል ነው የኖረችው። እጇን አየች፣ እህቷን አየች፣ ከዚያ ከንፈሯ መንቀጥቀጥ ጀመረ። «ለምን ነከሰኝ? እኔ እኮ ምንም አላደረግሁትም።»

ሔዋን እጇን ይዛ ወደ በርሜሉ ወሰደቻትና በጣሳ ውሃ እየቀዳች አጠበችላት። ሁለት ትናንሽ የጥርስ ምልክት ብቻ ነበር። ደሙም ወዲያው ቆመ። ሔዋን ግን አልተረጋጋችም። ከሁለት ዓመት በፊት አባቷ እንዳላማው ሮብ ገበያ ከምትባለው ከተማ ዳማን በዕቃ ቦርሳው ከትቶ ሲያመጣው የተናገረው ነገር ትዝ አላት። «ሰው የነከሰ ቀን ከዚህ ግቢ ይወጣል። አንዴም ቢሆን። ተስማምተናል?» ብሎ ነበር። ያን ጊዜ ቡችላውን ደረቷ ላይ ለጥፋ «ተስማምተናል» ብላለች።

አባቷ አናጺ ነው። ሰሞኑን ሮብ ገበያ የሚሠራ ቤት ይዞ ደብረ ማርቆስ የሚመጣው በየሁለት ሳምንቱ ብቻ ነው። እናቷ ጥሩነሽ ደግሞ ለቅሶ ሄዳለች። ግቢው ውስጥ ያዩት እነሱ ሁለቱ ብቻ ናቸው።

«መሲዬ፣ ስሚኝ» አለች ሔዋን ተንበርክካ። «እማዬ ብትጠይቅሽ ምስማር ነው የጫረኝ በያት።»

«ውሸት ነው እኮ።»

«ለዳማ ብለሽ ነው። ከነገርናት አባባ ይወስዱታል። አንቺ ዳማ እንዲሄድ ትፈልጊያለሽ?»

መሲ ራሷን በአሉታ ነቀነቀች።

ማታ እናታቸው ስትመለስ የመሲን እጅ ገና በሩ ላይ አየችው። «ምን ሆነሽ ነው?» አለቻት። መሲ ዞራ እህቷን ተመለከተች። ሔዋን አንጀቷ አልቻለም፤ ውሸቱን ልጅቷ ከምትናገረው ብላ ራሷ ተናገረችው።

«ምስማር ነው የጫራት።»

«ይሄ ያባትሽ ዕቃ አንድ ቀን ጉድ ያመጣብናል!» አለች ጥሩነሽ። ቁስሉን ቫዝሊን ቀባችውና ነገሩ በዚያው አለቀ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ዳማ ሊቀበላቸው አልወጣም። ሔዋን የተረፈ እንጀራ በሽሮ አሽታ ከእንጨት ክምሩ ጀርባ ወሰደችለት። አሸተተውና ፊቱን አዞረ። ውሃ ስታቀርብለት አፉን ነከረ፤ ውሃው ግን ተመልሶ በጎን ፈሰሰ። የታችኛው መንጋጋው ተንጠልጥሎ ለሃጩ እስከ መሬት ይወርዳል። እግሩ ሥር የታኘከ እንጨትና አፈር ነበር።

«አጥንት ተሰንቅሮብህ ነው አይደል?» አለችው። እጅጌዋን ሰብስባ አፉን ልትከፍትለት ተጠጋች።

ዳማ ቀና ብሎ አያት። ዐይኑ ያው የዳማ ዐይን ነው፣ ግን የሚያውቃት አይመስልም። የበር ምሰሶ እንደሚያይ ነበር የሚያያት። ሔዋን የዘረጋችውን እጇን ቀስ ብላ ሰበሰበች፤ ወደ ኋላዋ እየሄደችም ከአጠገቡ ራቀች።

ያን ቀን ሌላ ነገር ትዝ አላት። ከጥምቀት በኋላ አንድ ባለቤት የሌለው ውሻ ከውሰታ ወንዝ በኩል መጥቶ በአጥሩ ቀዳዳ ገብቶ ነበር። ዳማ ታግሎ አባረረው፤ ግን ጆሮው ላይ ተነክሶ ነበር። ያን ጊዜ «ጎበዝ!» ብላ ሥጋ ሰጥታዋለች።

ሰኞ ሳይንስ የሚያስተምሩትን መምህር አካለ ወልድን ከክፍለ ጊዜው በኋላ በር ላይ ጠበቀቻቸው።

«ቲቸር፣ አንድ ውሻ ቢነክስ… ማለቴ የቤት ውሻ፣ የራስ ውሻ ቢነክስ ችግር አለው?»

«የማን ውሻ?»

«ዝም ብዬ ነው፣ ለማወቅ።»

መምህሩ ጠመኔ የነካ እጃቸውን እያራገፉ አዩዋት። «ውሻው እንዴት ነው? ይበላል? ይጠጣል?»

«አይበላም። ውሃም አልወርድ ብሎታል። አፉን መዝጋት አይችልም።»

መምህሩ መጽሐፋቸውን ብብታቸው ውስጥ አስገቡና ጎንበስ አሉ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም፤ ይሄ ነው ይበልጥ ያስፈራት። «ሔዋን፣ ማንን ነው የነከሰው?»

«እህቴን።»

«መቼ?»

«ቅዳሜ።»

«አሁኑኑ ወደ ቤት ሂጂ። ውሻውን ማንም እንዳይነካው። እህትሽን ዛሬውኑ፣ ነገ ሳይባል፣ ሐኪም ቤት ውሰዷት። የእብድ ውሻ በሽታ በሰው ላይ ምልክቱ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም። ማንም ሐኪም ሊያድን አይችልም። ከመታየቱ በፊት ግን መርፌ አለ። ገባሽ?»

ገብቷታል። ደብተሯን እንኳ ከክፍል አላወጣችም። ዘበኛው «የት ነው አንቺ!» እያሉ ሲጮኹባት ሳትመልስላቸው ከበሩ ወጥታ ሮጠች። መንገዱን ሁሉ የምትለውን ታዘጋጃለች። እማዬ እንዳትቆጪኝ፤ እማዬ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ እማዬ ባለፈው ቅዳሜ… ቤት ስትደርስ ግን የተዘጋጀው ሁሉ ጠፋ። ጥሩነሽ ልብስ እያጠበች ነበር።

«ዳማ ነው የነከሳት» አለች ሔዋን። «ምስማር አይደለም። ዳማ አብዷል።»

ጥሩነሽ እጇን ከአረፋው አላወጣችም። ሔዋን ጥፊውን ጠበቀች፤ ቢመጣ ደስ ይላት ነበር። አልመጣም። እናቷ ብድግ አለችና ገመድ ስትዘል የነበረችውን መሲን ጎትታ ሳፋው አጠገብ አስቀመጠቻት። ቁስሏን በሳሙና ታሽላት ጀመር፤ አሸች፣ አሸች። መሲ «አመመኝ እማዬ!» እያለች ብትጮኽም አልለቀቀቻትም። የሳሙናው አረፋ እስከ ክርኗ ወጥቶ ነበር።

ጩኸቱን ሰምተው ጎረቤታቸው ጋሽ አበረ መጡ። የሆነውን ሲሰሙ ኮፍያቸውን አውልቀው መልሰው ደፉ። «ደብረ ወርቅ በኩል ለዚህ ነገር ሥር የሚያውቁ ሰው አሉ ይባላል፤ ብንልክ ምን ይመስልሻል?» አሉ።

«እማዬ፣ ቲቸር መርፌ ነው ያሉት» አለች ሔዋን።

«ጠበልም እንወስዳታለን፣ የተባለውን ሁሉ እናደርጋለን» አለች ጥሩነሽ ነጠላዋን እያነሣች። «መጀመሪያ ግን መርፌ። ጋሽ አበረ፣ ውሻውን አደራ።»

ጋሽ አበረ ረጅም አጣና ይዘው ወደ እንጨት ክምሩ ሄዱ። ዳማ እየተንገዳገደ ወጣ። ቅዳሜ እምቢ ያለውን በር አሁን ራሱ ፈልጎት ገባ፤ ጨለማ ፈልጎ ይሆናል። ጋሽ አበረ በሩን በአጣናው ደግፈው ይዘው ዞር አሉ።

«ሔዋን፣ መዶሻሽን አምጪ። ምስማርም።»

ሔዋን አመጣች። ሳንቃውን እሷ ያዘች፣ ጋሽ አበረ መቱ። ለመተንፈሻ ትንሽ ቀዳዳ ብቻ ቀረ። መዶሻው ባረፈ ቁጥር ውስጥ ያለው ዳማ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ጤና ጣቢያው ውስጥ ሲስተር ሥራነሽ የምትባል ነርስ ካርዱን እየጻፈች ጠየቀቻቸው። «በነከሳት ሰዓት በሳሙና ታጥባለች?»

«በውሃ» አለች ሔዋን። «በውሃ ብቻ።»

ሲስተር ካርዱ ላይ ጻፈችው። መርፌው በየቀኑ ሆዷ ላይ፣ ለአሥራ አራት ቀን ሳይቋረጥ እንደሚሰጥ፣ ከዚያም ተጨማሪ እንዳለው ነገረቻቸው። «አንድ ቀን እንኳ እንዳትዘሉ።»

መሲን አልጋው ላይ ሲያስተኟት እናቷ ትከሻዋን፣ ሔዋን እግሮቿን ያዙ። መርፌው ሲገባ መሲ የጮኸችው ጩኸት ከግቢው ውጭ ድረስ ተሰምቷል። ሔዋን እግሯን እንደያዘች «እኔንም ውጉኝ» አለች። «ለእሷ የቀረውን ለእኔ አድርጉት። ግማሹን።»

«እንደዚያ አይሆንም የኔ እመቤት» አለች ሲስተር ሥራነሽ። «አንቺን ነክሶሻል? ለሃጩ የነካው ቁስል አለሽ?»

ሔዋን እጆቿን ገለባብጣ አየች። ያን ሁሉ ጣውላ ስትቆርጥና ስትመታ የከረመችባቸው እጆች አንድ ጭረት እንኳ የለባቸውም። ምነው በኖረ ብላ ተመኘች። «የለኝም» አለች።

ለአባቷ በሮብ ገበያ ሚኒባስ ሾፌር መልእክት ላኩ። ሰኞና ማክሰኞ ዳማ ከተዘጋበት ውስጥ ሳንቃውን ይቧጥጥ ነበር። ድምፁ ተቀይሯል። ጩኸት ለመጀመር የሚፈልግና የማይወጣለት፣ እንደ ዛገ በር ያለ ድምፅ ነው። ሔዋን ሰኞ ከጤና ጣቢያ፣ ማክሰኞ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ከውሻ ቤቱ ደጃፍ ተቀምጣ ታዳምጠዋለች። ውሃ ልትሰጠው አትችልም፤ ቢሰጡትም አይወርድለትም። ልትነካው አትችልም፤ ልትከፍትለት አትችልም። ስሙን ልትጠራው አስባ አንዴ «ዳማ» አለች፤ መቧጠጡ ለአፍታ ቆመ፣ ከዚያ ቀጠለ። ከዚያ በኋላ አልጠራችውም።

ረቡዕ ጠዋት ዝም አለ።

አባቷ የደረሰው ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ነው። ጉድጓድ ቆፈረ፤ አፉንና አፍንጫውን በጨርቅ ሸፍኖ፣ እጁን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልሎ ዳማን ቀበረው። ቤቱንም አፈራርሶ አቃጠለው። ሔዋን እንድታግዘው እንኳ አልፈቀደላትም። ሲጨርስ በሳሙና ታጥቦ አጠገቧ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

«ለምን አልነገርሽንም?»

«ይወስዱታል ብዬ።»

እንዳላማው የወጣውን የጣውላ ጉማጅ በእግሩ ወደ እሳቱ መለሰ። «አንዴም ቢሆን ብዬ ነበር» አለ። «መርፌው ሳይጀመር ሁለት ቀን ጠፋ። ሁለት ቀን።» ይህን ለእሷ ይበለው ለራሱ ሔዋን አልገባትም። እሱም ተነሥቶ ወደ ቤት ገባ።

ከዚያ በኋላ መሲን ጤና ጣቢያ መውሰዱ ቀስ በቀስ የሔዋን ሥራ ሆነ። እናቷ መሲ ስትጮኽ አብራ ታለቅሳለች፤ ያን ጊዜ መሲ ይብስባታል። በዘጠነኛው ቀን ሁለቱ ብቻቸውን ሄደው አግዳሚው ላይ ወረፋ ይጠብቁ ነበር። የመሲ ሆድ ተነፍቶ ጠጥሯል፤ ቀሚሷ ሲነካት እንኳ ታቃስታለች።

«ሔዋን» አለች።

«ወዬ።»

«ዛሬም ያማል?»

«ያማል» አለች ሔዋን። «ከትናንቱም ሊብስ ይችላል። ትናንት የተወጋሽበት ስላልዳነ።»

መሲ ጫማዋን እያየች አሰበችበት። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀች። «እሞታለሁ እንዴ?»

አጠገባቸው ሕፃን ያቀፈች ሴት ሰምታ ፊቷን አዞረች።

«እማዬ ፈጽሞ አትሞቺም አለችኝ» አለች መሲ። «ስትለኝ ግን ታለቅስ ነበር።»

ሔዋን ያን ሁሉ ሌሊት ስትፈራው የከረመችው ጥያቄ ይኸው መጣ። መልሱ ቀላል ነበር፤ አንድ ቃል ነው። ትንሽ ፈገግ ብላ፣ ጉንጯን ቆንጠጥ አድርጋ ብትናገረው መሲ ታምናታለች። መሲ እሷ ያለችውን ሁሉ ታምናለች።

«አላውቅም» አለች።

መሲ ቀና ብላ አየቻት።

«ሲስተርን ጠይቄያት ነበር። ሁለት ቀን ብናዘገይም በጊዜ ነው የተጀመረው፣ ብዙ ሰው በዚህ መርፌ ይድናል አለችኝ። ግን ለማወቅ ብዙ ወር መጠበቅ አለብን። ከዚህ በላይ እኔም አላውቅም መሲዬ። እኔም ፈርቻለሁ።»

መሲ አላለቀሰችም። ቀስ ብላ ተጠጋቻትና የታመመው ሆዷ እንዳይነካ ተጠንቅቃ ጎኗን አስደገፈች።

«ነገም አንቺ ነሽ የምታመጪኝ?»

«እኔ ነኝ።»

«ከነገ ወዲያስ?»

«እኔ ነኝ።»

በሩ ተከፈተና ሲስተር ሥራነሽ ካርዱን እያየች ተጣራች። «መሠረት እንዳላማው!»

ሔዋን ተነሥታ እጇን ዘረጋች፤ አልጎተተቻትም። መሲ ራሷ እስክትይዘው ድረስ ቆማ ጠበቀቻት።