በሟቹ ዓይን የፈሰሰው ጠብታ

ይድነቃቸው ጉርድ ሾላ ባለው መድኃኒት ቤቱ ወለል ላይ በጀርባው ተንጋሎ ሲገኝ ያለቀሰ ይመስል ነበር። ጭንቅላቱን የባንኮኒው ጠርዝ መትቶታል። ገዳዩ ግን በዚህ አልበቃውም፤ ዓይኑን ፈልቅቆ አንድ ብልቃጥ የዓይን ጠብታ አንጠፍጥፎበታል።

«ይሄ ቂም ነው» አለች ኢንስፔክተር ዘቢደር። የሟቹ ነጭ ጋውን ኮሌታ ላይ ቢጫ የጣት ምልክት አየች።

«እርድ ይሆናል» አለች ሻጯ ፀደንያ። ሟቹ በዚያው ጠዋት ከሥራ አባሯት ነበር።

«በጠዋቱ ወጥ ይበላል እንዴ?» አለች ዘቢደር።

ሸሪኩ ጁነይድ ያዘነ ለመምሰል እንኳ አልሞከረም። «ስቴሮይድ ያለበትን ጠብታ ያለ ማዘዣ አትሽጥ ብዬ ስንቴ ተጣላሁት! መቅላቱን ያጠፋል፤ ሕመሙ ሄርፒስ ከሆነ ግን ቫይረሱን ያደልበዋል። የደንበኛችንን የኢታናን ልጅ ቀኝ ዓይን ያጠፋው ይኸው ጠብታ ነው።»

ኢታና ከኮተቤ ተጠርቶ የአራት ዓመቷን ሶሬቲን አቅፎ መጣ። እናቷ ከሞተች ወዲህ የሚያሳድጋት ብቻውን ነው። «ግራ ዓይኗንም ጀምሯታል» አለ። «ዛሬ አራት ሰዓት ላይ ሐኪም አይቷት በቀጥታ ቤት ገባን።»

ዘቢደር ሐኪሙ ዘንድ ሄዳ ሰማያዊ ብርሃን የሚሰጥ ትንሽ ባትሪ ተውሳ ተመለሰች። ከሰዓት በኋላ ሦስቱን ሰብስባ፣ ጋውኑን ባንኮኒው ላይ ዘርግታ፣ በሩን ዘግታ መብራቱን አጠፋች። ሶሬቲ አባቷ ትከሻ ላይ ተኝታለች።

«የዓይን ሐኪም ቁስሉን ለማየት ዓይን ውስጥ ቢጫ ቀለም ያደርጋል። እዩት» ብላ ባትሪውን ስታበራ የኮሌታው ምልክት አረንጓዴ ሆኖ ቦግ አለ። «እዚህ ይሸጣል?»

«አንሸጥም» አለ ጁነይድ።

«እጃችሁን ዘርጉ።»

የፀደንያ እጅ ምንም የለበትም፤ የጁነይድም። የኢታና ጥፍር ሥር ግን አረንጓዴ አበራ።

«እንባዋን ስትጠርግላት ቀለሙ ነክቶሃል፤ ይሄ ወንጀል አይደለም» አለች ዘቢደር። «በቀጥታ ቤት ከገባህ ግን የሟቹ ኮሌታ ላይ ምን ይሠራል?»

ኢታና ጥርሱን ነከሰ። «ደጅ አስቀምጫት ገባሁ። ሁለተኛውም ዓይኗ ተይዟል ብዬ ብነግረው ያንኑ ብልቃጥ አውጥቶ ‹ይሄን ጨምርላት› አለኝ! አንቄ ገፈተርኩት። እሱም ይቅመሰው ብዬ አፈሰስኩበት። አልጸጸትም!»

ዘቢደር ካቴናዋን ስታወጣ የኢታና ስልክ ጮኸ። ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል፤ በቀን አምስት ጊዜ የሚቀባው የሶሬቲ ቅባት ሰዓት ነው። ዘቢደር ካቴናውን መልሳ ኪሷ ከተተች።

«መጀመሪያ ቀባት» አለችው።

ሶሬቲ ነቅታ፣ እንደለመደችው አንገቷን ቀና አደረገች። «አባዬ፣ ማታም አንተ ነህ አይደል የምትቀባኝ?»

አልጸጸትም ብሎ የጮኸው ኢታና ያን ጊዜ አለቀሰ።