የሰሚው ጆሮ

ማመን አለማመን የናንተ ነው። እኔ ግን የማወራችሁ ሰው የነገረኝን አይደለም። በራሴ ላይ የደረሰውን ነው።

ጨለማ አልነበረም። መብራትም አልጠፋም።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ፀሐይ አስፋልቱን እያነደደችው፣ ልብስ ስፌት ቤቴ ውስጥ ብቻዬን ተቀምጬ የአንዲት ደንበኛዬን ቀሚስ እያጠበብኩ ነበር። "ቀሚሱ ሰፋብኝ" ብላ ነው ያመጣችው። እሷ ከሳች እንጂ ጨርቅ በራሱ ይሰፋል እንዴ? እያልኩ ለራሴ እስቃለሁ።

ቀና ስል አንድ ሰውዬ በሩ ላይ ቆሟል።

አይገባም። አይሄድም። ዝም ብሎ ቆሟል...

"ምን ልታዘዝ?" አልኩት።

ቀስ ብሎ ገባ። ሃምሳዎቹን የተሻገረ ሰው ነው። ኮቱ መስቀያ ላይ የተሰቀለ እንጂ ሰው የለበሰው አይመስልም። ሲቀርበኝ ሁለቱም ጆሮዎቹ በጥጥ መደፈናቸውን አየሁ።

"ኮት ሊያስጠብቡ ነው?" አልኩ፣ አይሰማም ብዬ ጮክ ብዬ።

"አትጩሂ" አለኝ በሹክሹክታ። "እሰማለሁ። የኔ ጣጣ መስማቴ ነው።"

ዓይኑን ወደ ስፌት መኪናዬ ላከ።

"ይቺ ናት አይደል ሲጥ ሲጥ የምትለው? በጉልበትሽ ስትመቺያት ዝም የምትለው?"

እጄ ጨርቁ ላይ ቀረ። ይህን ሰው በሕይወቴ አይቼው አላውቅም። እዚህ ቤት እግሩ ረግጦ አያውቅም።

"ትንሹ ልጅሽስ... ሳሉ ተወው?"

"ማነህ አንተ?"

"እባክሽ ጭራሮ... ስደቢኝ፣ ግን አታስወጪኝ።"

ጭራሮ!

ከወንበሬ ተነሳሁ።

በዚህ ስም የሚጠራኝ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ታላቅ ወንድሜ፣ ጋሼ። ልጅ ሆኜ ቀጭን ስለነበርኩ እሱ ነው ያወጣልኝ። ሰው ፊት ግን ብሎኝ አያውቅም። ሁለታችን ብቻ በስልክ ስናወራ ነበር የሚጠራኝ።

ጋሼ ደግሞ ከሞተ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል።

የሂሳብ መምህር ነበር። ያለ ፍርድ ስለታሰሩ ሰዎች ኢንተርኔት ላይ ይጽፋል። አንድ ቀን ከማያውቀው ቁጥር ሊንክ ተላከለት፤ ከተማሪዎቹ አንዱ መስሎት ከፈተው። ከዚያ ወዲያ ስልኩ ሳይነካው ይግላል፣ ሳያወራበት ባትሪው ያልቃል። "ይቺ ስልክ ትኩሳት ይዟታል" እያለ ይቀልድ ነበር። ለካስ ጠረጴዛ ላይ ተጋድማ የቤታችንን ወሬ ሁሉ ለማናውቀው ጆሮ ታቀብል ኖሯል!

እንደሚፈለግ ሲያውቅ እኔ ቤት ተደበቀ።

የደህንነት ሰዎች እዚያው መጥተው ወሰዱት። ከወራት በኋላ "ታሞ ሞተ" ብለው ሬሳውንና ልብሱን ሰጡን። ልብሱን ያጠብኩት እኔ ነኝ። ታሞ የሞተ ሰው ልብስ ውሃ አያቀላም።

"አንተ ነህ..." አልኩት።

"ሥራዬ ነበር" አለ። "ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ አደርጋለሁ፣ የሰማሁትን እጽፋለሁ። በቃ። ሲያስል እንኳ 'አሳለ' ብዬ እጽፍ ነበር። እጄን አላነሳሁበትም እኮ እህቴ! እህቱ ቤት ነው አልኩ... ይችን ብቻ ነው ያልኩት።"

ይችን ብቻ።

መቀሴን አነሳሁ። አይቶኛል። ግን ከመሸሽ ይልቅ ጭራሽ ተጠጋኝ።

"ሲሞት ፋይሉ ተዘጋ" አለ፣ ግራ ቀኙን እያየ። "እኔ ማዳመጫውን ሳደርግ ግን... አለ። መጀመሪያ ይተነፍስ ነበር። መተንፈስ ብቻ። ቆይቶ ማውራት ጀመረ። ሚስቴ ለእናቷ በስልክ ስለኔ የምትለውን ይነግረኛል። ልጄ በሯን ዘግታ ለምን እንደምታለቅስ ይነግረኛል። እኔ ሳስል... 'አሳለ' ይላል።"

"እሰይ!" አልኩት።

"ሥራዬን ለቀቅኩ። ማዳመጫውን ሰባበርኩት። አልተወኝም።"

"እና እኔ ምን ላድርግህ?"

"ያንቺን ቃል ነው የሚሰማው። እህቴ በቃ ካለች ይበቃል ብሎኛል። አንዴ... አንዴ ብቻ ተወው በዪልኝ።"

ተንበረከከ። ከቀኝ ጆሮው ጥጡን ቀስ አድርጎ ሳበው...

ቀጭን ድምፅ ሰማሁ፤ ስፌት መኪናዬን ሳላጠፋ የቀረሁ መሰለኝ። አየኋት። ቆማለች።

ድምፁ የሚመጣው ከሰውዬው ጆሮ ነው!

አጠገባችሁ የተቀመጠ ሰው ማዳመጫ ሰክቶ ሲሰማ ሾልኮ የሚወጣው ዓይነት... ቀጭን... የሩቅ...

ጎንበስ አልኩ።

"...ተንበረከከ" ይላል። "ጥጡን አወጣ። ልቡ በኃይል ይመታል። ከንፈሩን ላሰ..."

የወንድሜ ድምፅ ነው። ተማሪዎቹን ቁጭ አድርጎ ሲያጽፍ እንደሚናገረው፣ ረጋ ብሎ፣ ቃል በቃል።

መቀሱን ወለሉ ላይ ጣልኩት።

"ጋሼ?" አልኩ።

ዘገባውን አቋረጠ...

"አቤት፣ ጭራሮ።"

እንባዬ ሰውዬው አንገት ላይ ተንጠባጠበ። እሱ ዓይኑን ጨፍኗል። አልዋሻችሁም፣ ለአፍታ አንጀቴን በላው። የልጅ አባት ነው። ጋሼ ራሱ ቢሆን ይምረው ነበር፤ ተማሪ እንኳ መቆጣት የማይሆንለት ሰው ነበር።

እኔ ግን ጋሼ አይደለሁም። እኔ ያንን ልብስ ያጠብኩ ሰው ነኝ።

አፌን ጆሮው ላይ አስጠጋሁ።

"ጋሼ" አልኩት በሹክሹክታ። "አትተወው።"

ሰውዬው ዓይኑን ገለጠ።

ከጆሮው ውስጥ አንድ ረጅም ትንፋሽ ወጣ።

"እሺ እህቴ" አለ ጋሼ። "እንዳልሽ።"

ሰውዬው አልለመነኝም። አልተሳደበም። ግድግዳውን ተደግፎ ተነሳና ወጣ። እኔም በሩ ላይ ሆኜ ተከትዬ አየሁት።

ገና ጥቂት እንደተራመደ የመኪና ጠባቂው ስልክ ጮኸ። ጠባቂው አነሳው። አዳመጠ። ከዚያ ፊቱ ላይ ምንም ሳይነበብ ስልኩን ለሰውዬው ዘረጋለት።

"ላንተ ነው።"

ሰውዬው ወደ ማዶ ተሻገረ። የፍራፍሬ ሻጯ ስልክ ጮኸ። አነሳች። አዳመጠች።

"ላንተ ነው።"

ባለታክሲው በመስኮት እጁን አወጣ። "ላንተ ነው።"

ሰውዬው መሮጥ ጀመረ...

ያኔ የመንገዱ ስልክ ሁሉ በአንድ ላይ ጮኸ። በአንድ ላይም ዝም አለ።

መኪኖቹ ቆመዋል። እግረኛው ቆሟል። ያ ሁሉ ሰው፣ ልጅ አዋቂው፣ ስልክ የያዘ ክንዱን ወደ ሰውዬው ዘርግቶ ደርቋል።

ትከሻዬን ከበደኝ። ቀስ ብዬ ወደ ጎን አየሁ...

የኔም ክንድ ስልኬን ይዞ ወደ ሰውዬው ተዘርግቷል።