አምስት ፍሬ ቦሎቄ

ኤልመር ስቱቤ ምድር ቤቱ ወለል ላይ በጎኑ ተጋድሞ ሲገኝ ግራ እጁ እንደተጨበጠ ነበር። ጭንቅላቱ ያረፈው የማሞቂያው ምድጃ የብረት ጠርዝ ሥር ነው። ምድጃው ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ያጉረመርማል። መርማሪዋ ሃሪየት ብሮዲ ተንበርክካ ጣቶቹን አንድ በአንድ ስታላቅቅ የተጨማደደች ካርድ ወጣች፤ «ዲ. ኮል፣ ተቀያሪ ወርዋሪ» ትላለች።

«ጨዋታ ነው» አለ ሸሪፉ ከደረጃው ላይ ሆኖ። «ቤዝቦል በካርድና በሚወረወር ባለ ነጥብ ዳዶ። እሁድ እሁድ ብቻውን ቁጭ ብሎ ሁለቱንም ቡድን ያጫውታል። ጠረጴዛው ላይ ያለውን የውጤት ወረቀት እዪው፣ እስከ መጨረሻው ዘጠነኛ ዙር ተሞልቷል። ሲጀምር ሰዓቱን ይጽፋል፤ ሰባት ተኩል ይላል። አንድ ጨዋታ አንድ ሰዓት ይፈጅበታል። እስከ ስምንት ተኩል በሕይወት ነበር ማለት ነው። በስምንት ተኩል እዚህ ቤት የገባችው ደግሞ ልጁ ኖርማ ናት። ጠዋት በስልክ ስትጮኽበት ጎረቤቱ ሁሉ ሰምቷል።»

«ልታስራት ነው?»

«ፀሐይ ሳትጠልቅ።»

ሐኪሙ አስከሬኑን ሸፍኖ ቀና አለ። «ገፍተው ነው የጣሉት። ወዲያው ግን አልሞተም፤ ሃያ ደቂቃ ያህል ሲተነፍስ ቆይቷል።»

ሃሪየት ጠረጴዛው ላይ አጎነበሰች። ሁለት ረድፍ ካርድ፣ ሁለት ዳዶ፣ ነጭ ቦሎቄ የሞላበት ቆርቆሮ። መሃል ላይ አንድ ካርድ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል፤ በላዩ አምስት ፍሬ ቦሎቄ አለ። በእጅ የተሠራ ካርድ ነው። ጥጉ ላይ አምስት ቁጥር ተከቦበታል። ስሙን አነበበችና ደረጃውን ወጣች።

ኖርማ ወጥ ቤት ውስጥ የምሳ ቤቱን ሽርጥ እንኳ ሳትፈታ ተቀምጣለች።

«ለምን ተጣላችሁ?»

«ሐኪም ዘንድ አልሄድም ስላለኝ። ልቡን ያመዋል እኮ! ግትር ነው... ግትር ነበር።» አፏን በሽርጧ ያዘች። «ስምንት ከሃያ ድረስ ሳስተናግድ ነበር። ከዚያ ሾርባ ይዤለት መጣሁ። ንኪው፣ እስካሁን ሞቅ ይላል።»

ሁለት ቤት አልፎ የሚኖረው ፋርማሲስቱ ፍሎይድ ማካቪ በረንዳው ላይ ባርኔጣውን ያሽከረክራል። ከኤልመር ጋር በካርድ ሲጫወት አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው።

«እኔን ከጠረጠርሽኝ አፍሬያለሁ» አለ። «ፋርማሲስት መርዝ እያለው በግፊያ አይገድልም።»

«ቦሎቄው ምንድን ነው ፍሎይድ?»

«ድካም ነዋ። ተጋጣሚ ኳሱን መትቶ ቤዝ፣ ማለት ማረፊያ ጣቢያ፣ በያዘ ቁጥር ኳስ ወርዋሪው ካርድ ላይ አንድ ፍሬ ታስቀምጫለሽ። ፍሬው ካርዱ ላይ ከተጻፈው ቁጥር ሲደርስ ሰውዬው ደከመ። ካርዱን ወደ ጎን ታዞሪዋለሽ። ከዚያ ወዲያ የሚወረውረው ሁሉ ይመታበታል። ትቀይሪዋለሽ፣ አለዚያ ትዋረጃለሽ።»

«ኤልመር ይረሳው ነበር?»

«ኤልመር? የገዛ ልደቱን ይረሳል እንጂ ቦሎቄ አይረሳም! ደንቡን ያወጣው እሱ ነው።»

የሟች ታናሽ ወንድም ቨርጂል ከቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ መጣ። ሲጨብጣት በግራው ነው።

«ቀኝ እጅዎ?»

«ከ1951 ጀምሮ ከትከሻ በላይ አልወጣም ብሏል።»

«እርስዎም ካርዱን ይጫወታሉ?»

«ድሮ። አሁን እቴ፣ ቦሎቄ ለሾርባ ነው! በእኛ ጊዜ ወርዋሪ የጀመረውን ራሱ ይጨርስ ነበር።»

ሃሪየት ቀና ብላ አየችው። ከዚያ ሁሉንም ወደ ምድር ቤቱ ጠራቻቸው።

የመስኮቷ ብርሃን እየሳሳ ነው። ሸሪፉ ካቴናውን በጣቱ አንጠልጥሏል። ኖርማ ካቴናውን ላለማየት ግድግዳው ላይ አፍጣለች።

«ጨዋታው አላለቀም ነበር» አለች ሃሪየት። «በወረቀቱ መሠረት ይህ ወርዋሪ በዘጠኝ ዙር አሥራ አንድ ሰው ቤዝ አስይዟል። ካርዱ ላይ ያለው ግን አምስት ፍሬ ብቻ ነው። ፍሎይድ፣ አምስተኛው ሰው ቤዝ የያዘው መቼ ነው?»

ፍሎይድ መነጽሩን አድርጎ ወረቀቱን ቃኘ። «አምስተኛው ዙር ላይ።»

«ይህም ማለት ስምንት ሰዓት ገደማ። ኤልመር ፍሬዋን አስቀመጠ፤ ደክሟል አለ፤ ካርዱን ወደ ጎን አዞረና ተቀያሪውን አነሳ። እንደጨበጠው ሞተ። ወረቀቱ ላይ ግን ቅያሪ የለም። የቀሩትን አራት ዙሮች የሞላው ሌላ ሰው ነው። ጭረትና ቁጥር ብቻ ስለሆነ የማን እጅ እንደሆነ አይለይም። በስምንት ሰዓት ኖርማ ሰው ታስተናግድ ነበር።»

«እኔም ለፓስተሩ ሚስት መድኃኒት እየሰጠሁ ነበር» አለ ፍሎይድ ቶሎ ብሎ።

«ሚስተር ቨርጂል አዳራሽ የደረሱት ስምንት ከሃያ አምስት ነው» አለች ሃሪየት።

«ሃያ አምስት ደቂቃ ስለዘገየሁ ነው ነፍሰ ገዳይ የምታደርጊኝ?» አለ ቨርጂል እየሳቀ።

«ካርዱን ይዩት። አምስት ፍሬ ተሸክሞ ቀጥ ብሏል። ፍሎይድ ቢሆን ሳያስበው እጁ ያዞረው ነበር። የዞረውን ካርድ ያቃናው ሰው ወርዋሪው ደክሟል መባሉን ያልወደደ ሰው ነው። ይህን ወርዋሪ እስከ መጨረሻው ሜዳ ላይ ማቆየት የሚፈልግ ማን ነው? ስሙን ያንብቡልን።»

ቨርጂል አላነበበም። ኖርማ ጠጋ ብላ አነበበች። «ቨ. ስቱቤ። የወረቀት ፋብሪካው ቡድን። 1951።» ወደ ቨርጂል ዞረች። «አጎቴ?»

«አሰልጣኙ አባትሽ ነበር» አለ ቨርጂል። «ጨዋታው ተራዝሞ አሥራ ሁለት ዙር አስወረወረኝ። ሁለት ጊዜ ደከመኝ አልኩት፣ ሁለት ጊዜ በርታ አለኝ። ክንዴ የቀረው ያን ቀን ነው። ዛሬ ስገባ ምን ሲያደርግ ባገኘው ጥሩ ነው? ካርዴን ሲያዞር! አምስት ብሎ ጻፈብኝ፤ ከአምስት በላይ አይችልም ብሎ!»

«ወድቆም ይተነፍስ ነበር» አለች ሃሪየት። «ሁለት ቤት አልፎ ፍሎይድን ለእርዳታ መጥራት ይቻል ነበር። ቆይቶ የሞተ ለማስመሰል ከሆነ ዝም ብሎ መጻፍ ይበቃ ነበር። ጻፉት ወይስ ዳዶውን ወረወሩ?»

ምድጃው አጉረመረመ።

«ወረወርኩ» አለ ቨርጂል። «አንዱንም አላጭበረበርኩም። ጨረስኩት። አሸነፍኩ።»

ኖርማ ወደ ምድጃው ጠርዝ አመለከተች። «አባዬ እዚያ ሲተነፍስ?»

ሃሪየት ቦሎቄዎቹን ወደ ቆርቆሮው መለሰችና ካርዱን ገልብጣ ሰጠችው። ጀርባው ላይ የኤልመር ደቃቃ ጽሕፈት ነበር፤ «ከአምስት በኋላ ማንም አያቆየው። እኔ አቆይቼው ነበር።»

ቨርጂል ለረጅም ጊዜ አነበበው። ሸሪፉ ከኖርማ ጎን አልፎ ወደ እሱ ተራመደ። ቨርጂል ካርዱን ጠረጴዛው ላይ ቀጥ አድርጎ አስቀመጠው። ከዚያ በግራ እጁ ጣት ቀስ አድርጎ ወደ ጎን አዞረው።