በኤዶ ክፍል ያለፈው ቱቦ

ፉአድ የጭስ ማውጫውን ቱቦ በደንብ አላጋጠመውም። የአባቱ እህት ኤዶ ዐዎ ዛሬም እንደ ትናንቱ ባልዲ ላይ ጎንበስ ብለው እያስታወኩ ነው።

ጅግጅጋ በታኅሣሥ ጠዋት ጠዋት ትቀዘቅዛለች። ምድር ቤት ያለው የፉአድ አባት ዳቦ ቤት ግን ገና ሳይነጋ እንጨት ይማገድበታል። ሙቀቱ በውጭ ግድግዳ በቆመው ቱቦ ወጥቶ ይጠፋ ነበር። «ሰማዩን ነው እንዴ የምናሞቀው?» አለ ፉአድ። ግድግዳውን በስቶ ቱቦውን ፎቅ ላይ ባለው የኤዶ ክፍል አሳለፈው። ያልደረሰውን በባዶ የወተት ዱቄት ጣሳ ቀጠለው። ሙቀቱ እንዳይወጣ መስኮቱ ላይ ላስቲክ ወጠረ። ልጆቹ አቦ የሚሉት አባትየው ክፍሉን ሊያይ ገብቶ ኮቱን አወለቀና ሳቀ። «በቃ፣ ድሬዳዋ ሄደህ ብየዳ ተማር» አለው። ፉአድ ይህን ለመስማት ስንት ጊዜ ለምኗል።

እህቱ ፈርሂያም ተጠቅማለች። ለፈተና የምታጠናው እዚያ፣ ጀርባዋን ለቱቦው ሰጥታ ነው። ሰሞኑን ግን ራሷን ያማታል፤ ግቢ ስትወርድ ይተዋታል።

«ደም ግፊቴ ነው» አሉ ኤዶ አፋቸውን እየጠረጉ። «ፉአድን ግን እኔን እንዳሞቀኝ አላህ ያሙቀው።»

ፈርሂያ ወንድሟን ጎትታ ኮሪደር ላይ አወጣችው።

«የጣሳዎቹ መጋጠሚያ ላይ ጥላሸት አለ። ጭሱ እየገባ ነው።»

«ጭስ አየሽ?»

«ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም። ኬሚስትሪ ላይ ተምረናል።»

«አታካብጂ ባክሽ! አርብ እሳት የለም፤ ያኔ በጭቃ እመርገዋለሁ።»

«ዛሬ ሰኞ ነው፣ ፉአድ!»

«ለአቦ ከነገርሽው ያስነቅለዋል። ድሬዳዋም ቀረ ማለት ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ሊጥ ሳቦካ ልኑር?»

ጣቶቹ ጣሳው በቆረጣቸው ቦታ ሁሉ በፕላስተር ተጠቅልለዋል። ፈርሂያ ዓይኗን ከጣቶቹ ላይ አነሳች።

ከታች እንጨት ሲጨመር ተሰማ። ቱቦው እየጋለ ቀጭ ቀጭ ማለት ጀመረ። ፈርሂያ ገብታ ላስቲኩን ከመስኮቱ ገነጠለችው።

«ውይ! ብርዱን ለቀቅሽብኝ እኮ!» አሉ ኤዶ።

«ይነሱ ኤዶ። ሳሎን ይቀመጡ።»

«ምን ሆነሻል አንቺ ልጅ?»

ደግፋ ሳሎን አስቀመጠቻቸውና የራሷን ብርድ ልብስ ደረበችላቸው። ፉአድ ወደ ደረጃው የሚያወጣው በር ላይ ቆሟል።

«እኔው ልንገረው» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ማታ።»

«አሁን ና፣ አብረን እንውረድ።»

አልተንቀሳቀሰም። ጣቱ ላይ ያለውን ፕላስተር ይልጣል። ፈርሂያ ጫማዋን እስክታደርግ ጠበቀችው። ከዚያ በትከሻዋ ገፋ አድርጋው ወጣች፤ ብርዱ ኤዶ ላይ እንዳይገባም በሩን ከኋላዋ ዘጋችው።