ከጉብሬዋ ሴትዮ ማይክሮዌቭ የወጣችው ሞተር

እኔ የተማርኩት ቅየሳ ነው፣ የማምነውም በሜትር የለካሁትን ብቻ ነው። የጎጃም ልጅ ሆኜ እንኳ ሰው ስለ ሰላቢና ስለ ዛር ማውራት ሲጀምር ተነስቼ እወጣ ነበር፣ ለሥራ ወልቂጤ መጥቼ ከከረምኩ ወዲህም እንዲህ ያለ ወሬ የሚያመጣ ባልደረባ ሲያጋጥመኝ "በል እስቲ አሳየኝ" እያልኩ አፉን አስይዘው ነበር። ስለዚህ አሁን የምነግራችሁን ሌላ ሰው ቢነግረኝ ኖሮ እስቅበት ነበር፣ እናንተም ብትስቁ አልቀየምም፣ ብቻ እስከ መጨረሻው ስሙኝ።

ነገሩ የጀመረው በተበላሸ ማይክሮዌቭ ነው። አዎ፣ በማይክሮዌቭ። ባለቤቴ ወይንሸት የቡኢ ልጅ ናት፣ ማይክሮዌቩን መርካቶ የሚነግደው ወንድሟ ለሰርጋችን የሰጠን ነው፣ ከሰርጋችን ስጦታ ሳይሰበር የቆየው እሱ ብቻ ነበር ብል አላጋነንኩም። አንድ ቀን ምሳ ልናሞቅ ስንል መብራቱ ይበራል፣ ያጉረመርማል፣ ሳህኑ ግን አይዞርም፣ ወጡም ዳር ዳሩ ፈልቶ መሀሉ በረዶ እንደሆነ ወጣ።

"በቃ፣ አዲስ እንግዛ" አለች ወይንሸት።

"ለአንዲት ሳህን ብለን? የሚሠራ ዕቃ ለምን ይጣላል፣ ይጠገናል እንጂ።"

"አንተ እኮ ሁሉንም ነገር ይጠገናል ነው የምትለው" አለችና ፊቷን አዞረች።

ንግግሯ ስለ ማይክሮዌቭ እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። ልጅ የለንም። አንድ ጊዜ አርግዛ ነበር፣ ሆዷ ሳይታወቅ ወረደባት፣ ከዚያ በኋላ በየሐኪሙና በየጸበሉ ስንንከራተት ኖርን፣ እኔ "ይስተካከላል" እላለሁ፣ እናቴ ደግሞ ከጎጃም በደወለች ቁጥር "ዛሬስ ምን አዲስ ነገር አለ?" ትለኛለች፣ ስልኬ ድምፁ ከፍተኛ ስለሆነ ወይንሸት እያንዳንዷን ቃል ትሰማለች። ኑሯችን መራራ ነበር፣ መራራም ግን ይለመዳል።

ለማንኛውም ማይክሮዌቩን ታቅፌ መናኸሪያው አጠገብ ወዳለው ጠጋኝ፣ ወደ ሸምሱ ወሰድኩት። ሸምሱ ከቴሌቪዥን እስከ ምጣድ የሚጠግን፣ ሳይቀልድ ብሎን የማይፈታ ሰው ነው። ገልብጦ ከፈተውና፣

"ጋሼ፣ የሞተችው ሳህኑን የምታዞረዋ ሞተር ናት። አዲሷ እዚህ አትገኝም፣ ግን ባለቤቷ ሳትወስዳት የቀረች ማሽን አለችኝ፣ ከሷ ፈትቼ እገጥምልዎታለሁ" አለኝ።

"ይሠራል?"

"ኢንሻአላህ! ከአዲስ ይሻላል።"

ሠራ። ሳህኑ ሳይንገዳገድ ዞረ፣ "አላልኩሽም?" አልኳት። በማግስቱ ግን ሽሮ አሙቄ በሩን ስከፍት፣ እመኑኝ፣ የሸተተኝ ወተት ነው። ገንፍሎ ትንሽ ያረረ ትኩስ ወተት። እኛ ቤት ወተት አይገባም፣ እኔን አይስማማኝም፣ እሷም አትወድም። ውስጡን በሎሚ ፈትጌ አጠብኩት፣ ጎመን ሳሞቅም ያው ወተት። ከዚያ ድምፁ መጣ። ማይክሮዌቭ ሲጨርስ ጢጥ ጢጥ ብሎ ጸጥ ይል የለ? ይሄኛው ጸጥ ካለ በኋላ፣ ትንሽ ቆይቶ፣ ህቅ ይላል፣ ደግሞ ህቅ፣ እንደ ስቅታ። ብረት ሲቀዘቅዝ ድምፅ ያሰማል ብዬ ለራሴ አስረዳሁ፣ በደንብ ነው ያስረዳሁት፣ ግን ከዚያ ወዲህ ምግቤን ሳላሞቅ መብላት ጀመርኩ።

ወይንሸት ስለ ሽታውም ስለ ድምፁም አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ይልቅ ከሥራ ስትመለስ ማድ ቤት መቀመጥ አበዛች፣ ምን ትሠሪያለሽ ስላት "ምንም" ትለኛለች፣ ፊቷ ግን፣ እንዴት ብዬ ልንገራችሁ፣ ያን የመሰለ የረጋ ፊት ካየሁባት ዘመን የለውም።

አላስችል ሲለኝ ወደ ሸምሱ ተመለስኩ።

"ያቺን ሞተር ከማን ማሽን ነው የፈታሃት?"

"ከጉብሬ የመጣች አንዲት ሴትዮ ነበረች ጋሼ፣ በሩ አልገጥም ብሏት አምጥታ፣ እመለሳለሁ ብላ በዚያው ቀረች። ስልኳም አይሠራም። ምነው፣ ቆመ እንዴ?"

"አልቆመም። ወተት ይሸታል።"

ሊስቅ ብሎ ተወው። "ስታመጣው ወተት ፈሶበት ነበር፣ ግን እኮ ወተቱ የፈሰሰው ቀፎው ውስጥ ነው፣ ቀፎው ደግሞ ይኸው እዚህ አለ። ሞተሯ ከሥር ናት፣ ምግብ አይነካትም።"

"ልጅ ነበራት?"

"አዝላ ነው የመጣችው" አለ፣ ከዚያ መፍቻውን አስቀመጠና አሰብ አደረገ። "መሰለኝ። እሹሩሩ ስትል ሰምቻለሁ። ልጁን ግን... ወላሂ፣ ልጁን አላየሁትም።"

ያን ቀን ቤት ገብቼ፣ "ልክ ነበርሽ፣ አዲስ እንግዛ፣ ይሄን እንጣለው" አልኳት።

"የሚሠራ ዕቃ ለምን ይጣላል?" አለችኝ። ቃል በቃል፣ የራሴን።

እሁድ ከሰዓት በኋላ ነው። ወይንሸት ጎረቤት ለቅሶ ሄዳለች፣ ውጪ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፣ መብራት ጠፍቷል፣ ይህን ልብ በሉልኝ፣ ሰፈሩ በሙሉ መብራት አልነበረውም። ዝናቡ ጋብ ሲል ከማድ ቤት ክርር... ክርር... የሚል ሰማሁ። አይጥ ነው ብዬ ዱላ ይዤ ገባሁ። አይጥ አልነበረም። በጨለመው መስታወት ውስጥ ሳህኑ ይዞራል፣ በዝግታ፣ ሰው በእጁ የሚያዞረው ይመስል። ገመዱን ተከትዬ አየሁ፣ ጫፉ ከሶኬቱ ወጥቶ መሬት ላይ ተጋድሟል። በሩን ከፈትኩት፣ ሳህኑም ቆመ። ምንም የለበትም። ስነካው ግን ሞቋል፣ ዳሩ ላይም፣ በጣቴ አንስቼ አይቻታለሁ፣ ስስ ስልባቦት ረግቷል።

ከኋላዬ ሰው ሲተነፍስ ዞር አልኩ። ወይንሸት ናት፣ ነጠላዋ ከዝናቡ ርሷል፣ ስትገባ አልሰማኋትም። ምን ሆነህ ነው አላለችኝም፣ እኔን አላየችኝም እንኳ። እጄን ከበሩ ላይ አነሳችና ቀስ አድርጋ ዘጋችው።

"በቀስታ" አለችኝ በሹክሹክታ። "ገና አሁን ነው የተኛው።"

በማግስቱ ሮጬ አዲስ ማይክሮዌቭ ገዛሁ። አልተቃወመችኝም፣ አልተጣላችኝምም፣ ከነካርቶኑ ቁም ሳጥን ላይ ሰቀለችውና ወደ ማድ ቤቷ ተመለሰች። አሮጌውን እሷ በሌለችበት አውጥቼ ልጥለው ብዙ ጊዜ አስቤአለሁ፣ በሩ ድረስ ሄጄም አውቃለሁ፣ ከዚያ ወዲያ ግን እግሬ አይሄድልኝም። ሐኪም ዘንድ እንሂድ ስላት "ምን ሆኜ?" ትለኛለች፣ እውነቷን ነው፣ ትበላለች፣ ትተኛለች፣ ትሥቃለች፣ እናቴ ስትደውልም ፊቷ አይጠቁርም። ከሁለታችን የከሳሁት እኔ ነኝ።

ከሁሉ የሚያስፈራኝን ልንገራችሁና ላብቃ። ሰሞኑን ራሴን ታዘብኩት፣ የግቢውን በር በቀስታ ነው የምዘጋው፣ ጫማዬን ደጅ ላይ አወልቃለሁ፣ ዜና ስሰማ የሬዲዮኑን ድምፅ እቀንሳለሁ። ማንም አላዘዘኝም። ትናንት ከሰዓት ስልኬ ድንገት ሲጮህ ከወንበሬ ዘልዬ በደረቴ አፍኜ አጠፋሁት፣ ከዚያም ትንፋሼን ውጬ፣ ወደ ማድ ቤቱ ጆሮዬን ጥዬ፣ ረጅም ሰዓት ቆሜ አዳመጥኩ።