ቀርፋፋው ሞገድ

ታብሌቱ ለአራተኛ ጊዜ «ኔትወርክ አልተገኘም» አለ። አያቷ በደህናው እጃቸው ጠርዙን መታ መታ አደረጉትና ቀና ብለው አዩአት። እንዝርት ዓይኗን ወደ መስኮቱ አሸሸች።

እንዝርት የቤት ስሟ ነው። ስትበላም ስታጠናም እግሯ አርፎ ስለማያውቅ እናቷ ናት ያወጣችላት። ዛሬ ግን ያቁነጠነጣት ሌላ ነገር ነበር፤ ታብሌቱ ምንም እንዳልሆነ በዚህ ቤት የምታውቀው እሷ ብቻ ናት።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ሳምንት፣ አዲሱ ፈጣን የኢንተርኔት መስመር ቤታቸው የገባ ቀን ነው። ቴክኒሻኑ ራውተሩን ሳሎን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ፣ «ሁለት ሞገድ አለው» አላት። «አንዱ ፈጣን ነው፤ አዳዲስ ዕቃዎች እሱን ይይዛሉ። ሌላው ቀርፋፋ ነው፤ አሮጌ ዕቃ ከእሱ ሌላ አያውቅም።» እንዝርት ከዚህ ሁሉ «ፈጣን» የሚለውን ብቻ ነው የያዘችው። የክፍሏ ቡድን በኢንተርኔት በሚካሄድ የሒሳብ ውድድር ለመጨረሻው ዙር አልፎ ነበርና።

በልምምዱ ላይ የእንዝርት ምስል ደርቆ ሲቀር፣ የቡድኑ መሪ ትዕግሥቷ አለቀ። ይህቺን ልጅ ሁሉም «ካልኩሌተር» ነው የሚሏት።

«አቦ፣ እንደ ፎቶ ተገትረሽ ቀረሽ እኮ! ቤታችሁ አሮጌ ዕቃ አለ?»

«የአያቴ ታብሌት አለ። የእኔ እኩያ ሳይሆን አይቀርም።»

«በቃ፣ የሚጎትትሽ እሱ ነው። ቀርፋፋውን ሞገድ ድርግም አድርጊው!»

እንዝርት የራውተሩን ሴቲንግ ከፍታ ድርግም አደረገችው። ምስሉ እንደ ውኃ ፈሰሰ።

አያቷን አላሰበችም። ከስምንት ወር በፊት ስትሮክ መትቷቸው ቀኝ እጃቸው ሰንፏል፣ ምላሳቸው ተሳስሯል። አርባ ዓመት ሙሉ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው «ውኃ» ለማለት ያምጣሉ። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ የንግግር ሐኪማቸው በዚያ ታብሌት እየደወለች አንድ አንድ ቃል ታለማምዳቸዋለች። አሁን ሁለት ቀጠሮ አልፏቸዋል።

ትናንት እናቷ ታብሌቱን አገላብጣ አይታ፣ «ዕቃም እንደ ሰው ያረጃል። ነገ ከሥራ ስወጣ ጥገና ቤት እንወስደዋለን» አለች። እንዝርት ጉሮሮዋ ድረስ የመጣውን ቃል ዋጠችው። ውድድሩ ይለፍ፣ መልሼ አበራዋለሁ፣ ማን ያውቅብኛል ብላ ራሷን አባበለች።

ይኸው ነገ ዛሬ ሆነ። ውድድሩ ሊጀመር አሥራ ሁለት ደቂቃ ቀርቷል። የአያቷም ቀጠሮ በዚያው ሰዓት ነው።

«እ… እጄ» አሉ አያቷ።

«እጅዎን አመመዎት አባባ?»

አይደለም በሚል ራሳቸውን ነቀነቁ። የሚንቀጠቀጠውን ቀኝ እጃቸውን በግራቸው አንስተው ታብሌቱ ላይ አሳረፉት። «እጄ… ሰ… በረው።»

ታብሌቱ በዚያው ሰሞን ከእጃቸው አምልጦ ምንጣፉ ላይ ወድቆ ነበር። እንዝርት ያኔ ገባት። ሽማግሌው ይህን ሁሉ ቀን የገዛ እጃቸውን ሲወቅሱ ከርመዋል።

«ኧረ ምንም አልሆነም» አለችና ወደ ክፍሏ ሸሸች። ተቀመጠች፣ ተነሳች። መስኮቱን ከፈተች፣ መልሳ ዘጋችው። ላፕቶፑ ላይ ካልኩሌተር ስሟን ትጠራለች።

«ራውተሩን አጥፍቼ ላስነሳ ነው» አለቻት እንዝርት። «አምስት ደቂቃ ይፈጃል።»

«አሁን? ስምንት ደቂቃ ቀርቶ? አብደሻል እንዴ! ተመልሶ እምቢ ቢልሽስ?»

«ያለ እኔ ጀምሩ።»

«ሼም ነው እኮ! ስንት ወር ለፍተን!»

«አውቃለሁ» አለችና ቀርፋፋውን ሞገድ አበራች። ራውተሩ እንደ አዲስ ለመነሳት ሲጠፋ የካልኩሌተር ፊትም ጠፋ።

ሳሎን ገብታ ራውተሩ ሥር ቆመች። አምስት ያለችው ደቂቃ ወደ አሥር ተጠጋ። መብራቶቹ አንድ በአንድ ሲመለሱ ታብሌቱ ጠራ፤ የንግግር ሐኪማቸው ፊትም ብቅ አለ። አያቷ ከት ብለው ሳቁ። ሳቅ እንኳ አልተሳሰረባቸውም። ከዚያ እጃቸውን እንደ ሌላ ሰው እጅ አገላብጠው አዩት።

ዝም ብትል ዝም ተብሎ ይቀር ነበር። ውድድሩም ተጀምሯል።

«አባባ፣ እጅዎ ምንም አላደረገም» አለች። «ኔትወርኩን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ለውድድሬ ብዬ።»

አያቷ ዓይናቸውን ከታብሌቱ ነቅለው አዩአት።

«አን… ቺ?»

«አዎ፣ እኔ።»

በግራ እጃቸው ወደ ክፍሏ ጠቆሙ። «ሂ… ሂጂ።» ተቆጥተው ይሁን ወይ ውድድሩ እንዳያመልጣት፣ መለየት አልቻለችም።

ሁለት ጥያቄ አምልጧት ደረሰች። ቀርፋፋው ሞገድ በርቶም ምስሏ አንዴም አልደረቀም። ቡድናቸው ሁለተኛ ወጣ። ካልኩሌተር ሳትሰናበታት ዘጋችው።

እንዝርት ክፍሏ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ስትል ስልኳ ጠራ። እናቷ ናት።

«ከሥራ ወጣሁ፣ እየነዳሁ ነው። ጥገና ቤቱ ሳይዘጋ ታብሌቱን ይዘሽልኝ ውረጂ።»

«እማዬ፣ አልተበላሸም። እየሠራ ነው።»

«ተመስገን! እኔ እኮ አልቆለታል ብዬ… በራሱ ተነሳ?»

ከሳሎን የሐኪሟ ድምፅ፣ ከኋላውም የአያቷ ድምፅ ይሰማል።

«ስትመጪ እነግ…» ብላ ጀመረችና ተወችው። «አይ፣ አሁን ልንገርሽ። ጥግ ይዘሽ ቁሚ፣ ትንሽ ይረዝማል።»