እጣቢው የት ሄደ?

አቶ ሠረቀብርሃን የተገኙት በአርቪያቸው፣ እንደ ቤት በሚያድሩበት ትልቅ መኪና፣ ሻወር ውስጥ በጀርባቸው ወድቀው ነው። ከጆሯቸው በላይ ያለው አጥንት ወደ ውስጥ ገብቷል። ፀጉራቸው በውኃ ርሷል። ልብሳቸው ወንበር ላይ ተቀምጧል። ቧንቧው በቀጭኑ እየፈሰሰ ነበር፤ የዘጋችው ያገኘቻቸው ልጃቸው ሮሆቦት ናት።

መርማሪ ሰርክአዲስ ሻወሩ በር ላይ ተንበርክካ ብዙ ጊዜ የቆየችው አስከሬኑን እያየች አልነበረም። ከደፉ ውጭ የተነጠፈችውን ትንሽ ምንጣፍ በመዳፏ ጫን አደረገቻት። ደረቅ ናት።

«አደጋ ነው» አላት ከኋላዋ የቆመው ሳጅን በእንግሊዝኛ። «አንቺን የጠራንሽ ሚስትየዋ በአማርኛ ካልሆነ አልናገርም ስላለች ነው። ልጅቷ ደግሞ ጥፋቷን አምናለች።»

«ምኑን ነው ያመነችው?»

«ማታ የሻወሩን ወለል በሳሙና አጥባለች። አባቴን የገደልኩት እኔ ነኝ እያለች ነው።»

ሰርክአዲስ ተነሣች። «አስከሬኑን አንሡት። ከዚያ አንድ በአንድ እዚህ ጠረጴዛ ላይ አነጋግራቸዋለሁ።»

ቦታው ከአሌክሳንድሪያ ወረድ ብሎ በፖቶማክ ዳር ያለ የካምፕ ሜዳ ነው። አቶ ሠረቀብርሃንና ሸሪካቸው በፈቃዱ አሌክሳንድሪያ ውስጥ አርቪ የሚያከራዩበት ጊቢ አላቸው። ለሌበር ደይ፣ ለሠራተኞች ቀን በዓል፣ ከመኪኖቹ አንዱን ይዘው ወጥተው ነበር። ቤተሰቡ የመጣው ከሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ ሚስታቸው ወይዘሮ እንግዳወርቅ፣ ሮሆቦት፣ የሮሆቦት እጮኛ ፍሬአብ። አቶ ሠረቀብርሃን ስለሚያንኮራፉ አርቪው ውስጥ ብቻቸውን ተኙ። እናትና ልጅ በካምፑ ጎጆ፣ ሁለቱ ወንዶች በየድንኳናቸው አደሩ።

መጀመሪያ የገባችው ሮሆቦት ናት። ዐይኗ አብጧል፤ እንባ ግን አልነበረውም።

«ሻወሩን ለምን አጠብሽው?» ሰርክአዲስ ከቦርሳዋ ብርቱካን አውጥታ መላጥ ጀመረች።

«ቢኮዝ ቆሽሾ ነበር። ዲነር በልተን ዕቃ ስናጥብ ሻወሩ ውስጥ ከታች ውኃ ወጣ። ቀይ፣ ዘይት ያለው፣ ሽንኩርት ምናምን። ዳድ መጥቶ አየና ‹ግሬይ ታንኩ ሞልቷል፤ ከአሁን በኋላ አንድ ጠብታ እንዳትደፉ› አለ።»

አርቪ ውስጥ ንጹሕ ውኃ ከካምፑ ቧንቧ በጎማ ይገባል፤ የፈለጉትን ያህል ነው። የእጅና የዕቃ እጣቢ ግን ከመኪናው ሆድ ሥር ባለ ታንክ ይጠራቀማል። ግሬይ ታንክ የሚሉት እሱን ነው። ሲሞላ እጣቢው ወደ ኋላ ተመልሶ ዝቅ ባለው ቀዳዳ፣ በሻወሩ ይወጣል። ለመድፋት መኪናውን ነድቶ በካምፑ መግቢያ ወዳለው መድፊያ መውሰድ ያስፈልጋል። ይህ መኪና ከቆመበት አልተንቀሳቀሰም።

«ከዚያስ?»

«የወጣውን በጆግ ቀድቼ በባልዲ አወጣሁት። ወለሉን በሳሙና ፈተግኩ፣ በጨርቅ ጠረግኩ። ግን ዌል፣ በደንብ አልጠረግኩትም መሰለኝ።» መዳፏን ቀሚሷ ላይ ጠረገች። «ጠዋት ጋሽ በፈቃዱ አየውና ‹ሳሙናው ነው የጣለው› አለ። ማሚ ከዚያ በኋላ አላናገረችኝም።»

የብርቱካኑ ጭማቂ በሰርክአዲስ ጣቶች መካከል ወረደ። ሮሆቦት ብድግ አለች።

«ኦ፣ እጅሽ... ሶሪ፣ እጅዎ። ኑ ውጭ ላስታጥብዎት። ሲንኩን መክፈት አይቻልም።» ግድግዳው ላይ ያለችውን ቀይ መብራት አሳየቻት። «አሁንም ፉል ነው።»

ውጭ ወጡ። ልጅቷ ጎንበስ ብላ ከጆግ ቀስ እያለች አስታጠበቻት።

ቀጥሎ ፍሬአብ ገባ። ገና ሳይቀመጥ፦

«ትናንት እንደተጣላን ነግረውዎታል አይደል? ጋሽ በፈቃዱ ይሆናል የነገረዎት።»

«ተጣልታችሁ ነበር?»

«አዎ። ዳላስ ሥራ አግኝቻለሁ። ‹ልጄን ዳላስ ይዘሃት አትሄድም› አሉኝ። እኔም ጮኬ መለስኩ። ሰው ሁሉ ሰምቷል።»

«ሌሊት ከማን ጋር ነበርክ?»

«ብቻዬን። ቀለበት ባስርም ሠርጉ ገና ነው፤ ያውም እናትየው አጠገቧ ተኝተው ከማን ጋር ልሁን?» ብሎ ሊስቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም። «ምስክር የለኝም። ከፈለጋችሁ ካቴናውን አምጡት።»

ሰርክአዲስ ሁለተኛ ብርቱካን ልጣ ተጣባቂ እጇን ወደ ሲንኩ ዘረጋች።

«ኧረ ተዉት!» አለ ፍሬአብ። «ታንኩ ከሞላ ወዲህ እዚህ ቤት ቧንቧ መክፈት ኃጢአት ነው። ማታ ጥርሴን ስቦርሽ እንኳ ከኋላዬ ቆመው ‹ውጭ ትፋ!› ሲሉኝ ነበር።» ራሱ በሩን ከፈተላት። ያስታወሰው ነገር ፊቱን አጠቆረው።

ወይዘሮ እንግዳወርቅ ጥቁር ሻርፕ ለብሰው ገቡ። ሰርክአዲስ ብርቱካኑን ሁለት ከፍላ ግማሹን ሰጠቻቸው።

«ቅመሱ እማማ፤ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሱም አሉኝ።»

ያዙት እንጂ አልበሉትም።

«ባለቤትዎን የሚያስጨንቃቸው ነገር ነበር?»

«ነበረ እንጂ። አሌክሳንድሪያ ካለው ጊቢያችን ጀርባ ጅረት አለ። የአጠገቡ አፓርታማ ልጆች በሙቀቱ እዚያ ይንቦጫረቃሉ። ዘንድሮ እግራቸው እየቆሰለ እናቶቻቸው መጡበት። ሄዶ ቢያይ ዳሩ ዘይትና አረፋ ነው። ‹የእኛ መኪኖች እጣቢ ነው፤ ማን እንደሚደፋውም አውቄያለሁ› አለኝ።»

«ማን?»

«አልነገረኝም። ‹በዓሉ ይለፍና ራሴ ለከተማው አመለክታለሁ፤ መጀመሪያ ግን እሱን ላናግረው› አለ። እንዲህ ነው የእኔ ሰው፤ ሰው ከኋላው ሳይወጋ ፊት ለፊት መናገር ይወዳል።»

«ልጅዎን አላነጋገሯትም ይባላል።»

ሴትዮዋ ብርቱካኑን ጨመቁት። «ባየኋት ቁጥር ሳሙናው ይታየኛል። ጥፋተኛ አይደለችም፤ ልጅ ናት። ግን አልቻልኩም።» እጃቸውን አይተው ተነሡ፣ በሩን ገፍተው ከጆጉ ላይ በገዛ እጃቸው እያፈሰሱ ታጠቡ።

በፈቃዱ የመጨረሻው ነበር። ስድሳ ዓመት የሞላው፣ ደረቱ ሰፊ፣ አነጋገሩ ሞቅ ያለ ሰው ነው።

«እኔና ሠረቀ ታክሲ ስንነዳ ጀምሮ አብረን ነን። ወንድሜ ነበር። ያቺን ልጅ ግን አደራ፣ አታስጨንቋት። ሳታውቅ ነው።»

«ሌሊት ምን ሰሙ?»

«ምንም። እንደ ድንጋይ ነው የተኛሁት። የልጅቷ ጩኸት ነው የቀሰቀሰኝ።»

«ከድንኳንዎ አልወጡም?»

«አልወጣሁም።»

«አቶ ሠረቀብርሃን ሲወጡ ሲገቡ፣ መኪናውን ሲነካኩ አልሰሙም? አላዩም?»

«አልኩዎ እኮ፣ ምንም አላየሁም፣ ምንም አልሰማሁም።»

ሰርክአዲስ የመጨረሻዋን ብርቱካን ላጠች። ጭማቂው እስከ አንጓዋ ወረደ።

«ውይ፣ እጅዎ ተጣበቀ» አለ በፈቃዱ። ተነሥቶ የሲንኩን ቧንቧ ከፈተላት። «ይታጠቡ፣ ይታጠቡ። ሳሙናውም ያው።»

ሰርክአዲስ ቀስ ብላ ታጠበች። ከዚያም ሁለተኛ ጊዜ ታጠበች። ውኃው እየተንቆረቆረ ወረደ። እሷ ግን በትከሻዋ ላይ አሻግራ የሻወሩን ቀዳዳ ታይ ነበር። ከዚያ ምንም አልወጣም። ቀይዋ መብራት አሁንም በርታለች።

«አመሰግናለሁ» አለችው።

ወጥታ አርቪውን ዞረች። ከሆዱ ሥር የታንኩ ቱቦ ክዳን ተገጥሟል። ከሥሩ ያለው ሣር ግን ወደ ቁልቁለቱ ተጋድሟል። የሽንኩርት ቁራጭ፣ የበርበሬ ዘይት፣ የደረቀ አረፋ ይታያል፤ ዝንብ ወርሮታል። አጠገቡ የበፈቃዱ ፒካፕ ቆሟል። ፒካፑ ሁለመናው አቧራ ለብሷል፤ ከኋላ የወጣው መጎተቻ ብረት ብቻ እንደ አዲስ ያበራል። ሰርክአዲስ ሳጅኑን ጠርታ ብረቱን በጣቷ አመለከተችው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ የፖሊሱ የምርመራ ባለሙያ ከብረቱ ስንጥቅ ውስጥ ያገኘውን መጥቶ በጆሮዋ ነገራት።

ሁሉንም በአርቪው ጥላ ሥር ሰበሰበቻቸው። ሮሆቦት ከሁሉም ራቅ ብላ ሣር ላይ ተቀመጠች። እናትየው ፊታቸውን ወደ ወንዙ አዙረዋል።

«ከምንጣፍ እንጀምር» አለች ሰርክአዲስ። «ማታ ታንኩ ከመሙላቱ የተነሣ እጣቢው ሻወሩ ውስጥ ወጥቶ ነበር። ሁላችሁም አይታችኋል። በሞላ ታንክ ላይ ሻወር ቢከፈት ምን ይሆናል? ፍሬአብ?»

«ሞልቶ ወደ ቤቱ ይፈስሳል።»

«ሻወሩ እስኪነጋ በቀጭኑ ሲፈስ አድሯል፤ ባዶ ታንክ ያን ያህል ይችላል፣ የሞላ ግን አይችልም። ምንጣፏ ግን ደረቅ ናት። ስለዚህ ታንኩ ሻወሩ ከመፍሰሱ በፊት ተደፍቷል። መኪናው ወደ መድፊያው አልሄደም። እዚሁ ሣር ላይ ነው የተደፋው፤ የማታው ወጥ ቁልቁለቱ ላይ አለ።»

ፍሬአብ ግራ ተጋባ። «መብራቱ ግን ሞልቷል ይላል እኮ።»

«ይዋሻል። ዘይቱ ታንኩ ውስጥ ያለው መለኪያ ላይ ተጣብቋል፤ ታንኩ ባዶ ሆኖም ሞልቷል ይላል። ለዚህ ነው ሁላችሁም ዛሬም እንደሞላ የምታምኑት። ሮሆቦት ውጭ አስታጠበችኝ። ፍሬአብ ቧንቧ እንዳልነካ ጮኸብኝ። እማማ በኀዘናቸው መካከል እንኳ ወጥተው ታጠቡ። አንድ ሰው ብቻ ሲንኩን ከፈተልኝ።»

ሮሆቦት ቀና አለች።

«ለእንግዳ ክብር ነው» አለ በፈቃዱ። «ረስቼው ነው።»

«ሥራዎ ይኸው ታንክ ነው፤ ታንክ መሙላቱን ይረሳሉ?»

«እሺ፣ ሠረቀ ራሱ ደፍቶት ይሆናላ! ሊታጠብ ፈልጎ።»

«ሰው እጣቢ መሬት ላይ ደፋ ብለው ለከተማው ሊያመለክቱ የተዘጋጁ ሰው ራሳቸው ሣር ላይ ደፉት? እሺ፣ ይሁን። ታንኩ ባዶ መሆኑን እርስዎ በምን አወቁ? መብራቱ ሞልቷል ይላል። ከድንኳንዎ አልወጡም። ምንም አላዩም፣ ምንም አልሰሙም። ሁለቴ ጠየቅኩዎት፤ ሁለቴ መለሱልኝ።»

በፈቃዱ ወደ ፒካፑ ተመለከተ።

«የሆነውን ልንገራችሁ» አለች ሰርክአዲስ። «አቶ ሠረቀብርሃን ስለ ጅረቱ ሊያናግሩዎት ወጡ። ፒካፑ ጋ ተጣላችሁ። ጭንቅላታቸው መጎተቻ ብረቱን መታ። ብረቱን አጠቡት፤ ስንጥቁ ውስጥ ግን ደም ቀርቷል። ሮሆቦት ሻወሩን በሳሙና ስትፈትግ አይተዋል፤ ሰው ተንሸራቶ ወደቀ ቢባል እንደሚታመን ገባዎት። አስገብተው ልብሳቸውን አውልቀው ውኃ ሲከፍቱ ግን ቀዩ እጣቢ ከታች መውጣት ጀመረ። በእጣቢ የሚታጠብ ሰው የለም። ያን ጊዜ እጅዎ የለመደውን አደረገ፤ ወርደው ክዳኑን ፈቱ፣ ቫልቩን ሳቡ፣ መሬት ላይ ለቀቁት። አሌክሳንድሪያ ጅረቱ ዳር እንደሚያደርጉት። ሲጨርሱም መልሰው ገጠሙት።»

«ከጊቢያችን መድፊያው ሩቅ ነው» አለ በፈቃዱ፤ ለማን እንደሚናገር አይታወቅም። «የተከራየ መኪና በላይ በላዩ ሲመለስ ማን ይደርስበታል? ‹ትሄድና ራስህ ትናገራለህ፣ አለዚያ እኔ እናገራለሁ› አለኝ። ጊቢው ሊዘጋ ነው። ለመንኩት። ጀርባውን ሲያዞርብኝ ገፋሁት። ልገድለው አልነበረም፤ አንድ ጊዜ ነው የገፋሁት።»

ወይዘሮ እንግዳወርቅ ከወንዙ ዞሩ። እስካሁን ማንም እንዲህ ያለ ድምፅ ከእሳቸው አልሰማም ነበር።

«ባሌን ገፋኸው፤ እሺ፣ ተናደህ ነው። ልጄንስ? ጠዋት በእኔ ፊት ‹ሳሙናው ነው› ስትል ማን አናዶህ ነበር?»

ሳጅኑ የበፈቃዱን ክንድ ይዞ ወሰደው። ሲሄድ ማንንም አላየም።

ሮሆቦት ከሣሩ አልተነሣችም። ሰርክአዲስን እያየች «ሶ... ሳሙናው አይደለም?» አለች።

«አይደለም።»

«ሹር ነሽ?»

«አባትሽ ያን ሻወር በሕይወት ሳሉ አልረገጡትም፣ ልጄ።»

እናትየው መጥተው ከጎኗ ሣሩ ላይ ተቀመጡ። የልጃቸውን እጅ ስበው ጉልበታቸው ላይ አደረጉና በሁለት እጃቸው ያዙት። ልጅቷ መጀመሪያ ሸሸች፤ ከዚያ ተወችው።

ሮሆቦት ከጠዋት ጀምሮ ስለ ገዳይ ስታስብ ነበር፤ በእሷ ሐሳብ ገዳዩም ራሷ ነበረች። ለሌላ ነገር ቦታ አልነበራትም። አሁን ያ ሲነሣላት፣ ከሥሩ አባቷ ብቻ ቀሩ፤ የሞቱ አባቷ። «ዳድ» አለች በቀስታ፣ ገና አሁን የተነገራት ይመስል፤ ከዚያም በእናቷ ትከሻ ላይ ተደፍታ ማልቀስ ጀመረች።